የአፈ ማር አፍ

አስከሬኑ ከቤት ከወጣ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ትራሱ ግን አሁንም አልጋው ላይ ነው። በነጩ የትራስ ልብስ ላይ፣ የተኛ ሰው አፍ በሚያርፍበት በኩል፣ መዳፍ የሚያህል የደም እድፍ ደርቆ ይታያል። መርማሪዋ መነጽሯን አስተካክላ ትክ ብላ አየችው። ቀጥላም ጎንበስ ብላ አሸተተችው። በሩ ላይ የቆመችው የሟቹ ትልቋ ልጅ ይህን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«አስታማሚዋ በዚህ ትራስ አፍና ነው የገደለችው» አለች ግድግዳውን እያየች። «ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የወርቅ ጥርሱ ከአፉ ውስጥ የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

መርማሪዋ ትራሱን ገልብጣ ሌላውን ገጹን አየች። ጡረታ ለመውጣት ስድስት ወር የቀረው ሰው ለመልስ አይቸኩልም፤ እሷ ደግሞ ድሮም አትቸኩልም ነበር። ሲያስቃት አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፣ ሲከፋት ዝም ትላለች።

ሟቹን ከተማው የሚያውቀው «አፈ ማር» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በራዲዮ ዜና ያነበበ ሰው ነበር፤ መርዶ እንኳ በእሱ አፍ ሲነገር ያጽናናል ይባልለት ነበር። ከአሥራ አንድ ሳምንት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑንም አንደበቱንም ይዞበት ሄደ። ሁለት ልጆች አሉት። ትልቋ የሂሳብ መምህርት ናት፤ ከከተማው ሌላ ጫፍ ቅዳሜና እሑድ እየመጣች ትጠይቀው ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ስሙ የተጠራ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ክሊኒኩ ከአባቱ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ይገኛል። በሥራ ቀናት አዛውንቱን የምታስታምመው ፈቃድ ያላት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የማይሞላት ተቀጣሪ ነበረች። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትንፋሹ ቆሞ ያገኘችውም እሷው ናት።

አሁን ጣቢያ ተቀምጣለች። ጥፋተኛ ከተባለች እስሩ አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛ አፍና ጥርሱን ነቀለች የተባለች አስታማሚን ግን ከእስር ብትወጣም ደጃፉን የሚያስረግጣት ሰው አይገኝም። ይህን መርማሪዋም ታውቃለች፣ ትልቋ ልጅም ታውቃለች።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ። አልጋው ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል፤ የጠያቂ ወንበሮቹ ከአልጋው ራቅ ብለው ግድግዳ ተደግፈዋል። ከራስጌው በላይ በእጅ የተሠመረ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ የየሳምንቱ ወረቀት በላይ በላዩ ተደርቦ አሥራ አንድ ደርሷል። አራት ዓምድ አለው፦ «ገላ ማጠብ»፣ «ምግብ»፣ «መርፌ»፣ «አፍ»። ከላይ እስከ ታች ራይት በራይት ነው።

«ማን ነው ያዘጋጀው?»

«ወንድሜ። ሥርዓት ይወዳል። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ ብቅ ብሎ ያየዋል፤ ሁሉም ራይት ከሆነ ልቡ አርፎ ይሄዳል።»

መርማሪዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ቆመች። ሦስት ተከታታይ ቀናት «መርፌ» ሁለት ሁለት ራይት ሲኖረው «አፍ» ባዶውን ቀርቷል። ምን እንደሆነ ጠየቀች። ትኩሳት ይዞት ነበር፣ ሐኪም መጥቶ መርፌ አዘዘለት፣ ተሻለው፤ ትልቋ ልጅ የምታውቀው ይህን ያህል ነው። ሐኪሙ አፉን አይቶት እንደሆነ ስትጠየቅ ትከሻዋን ነቀነቀች። «አባባ አፉን አልከፍት አለው። ሐኪሙም 'የጥርስ ሐኪም ልጅ እያለው እኔ ምን አገባኝ' ብሎ ስቆ ሄደ።»

በመታጠቢያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አንድ ብርጭቆ ነበረ፤ በውስጡ የፕላስቲክ ልብሱ ያልተቀደደ የጥርስ ብሩሽ ቆሟል። ከልብስ መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ታጥበው የተተኮሱ ሃያ ሁለት መሀረቦች ተገኙ። ሁሉም መሃላቸው ላይ ሳሙና ያላስለቀቀው ቡናማ እድፍ አላቸው። መርማሪዋ አንዱን ከትራሱ እድፍ ጎን አስቀምጣ አስተያየች።

«መጨረሻ ጊዜ አባትዎን የሳሟቸው መቼ ነው?» አለች በድንገት።

መምህርቷ ተቆጣች፤ ይሄ ምን ከምን የሚያገናኝ ጥያቄ ነው አለች። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «እጁን ስሜ ነበር የምሄደው። ሁልጊዜ እጁን» አለችና ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች።

አስታማሚዋ ጣቢያው ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ኩርምት ብላ ነበር። መርማሪዋ ሌላ ወንበር ትታ እዚያው አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቱ ሳትጠየቅ ጀመረች።

«አልገደልኳቸውም፣ አልሰረቅኳቸውም። ግን አጥፍቻለሁ፣ እትዬ።»

«ምን አጠፋሽ?»

የሰውየው አፍ ይሸት ነበር። ከጊዜ ወደ ጊዜ እየባሰ ሲሄድ ምግብ የምታጎርሰው ትንፋሿን ይዛ ሆነ። ስለዚህ በአፍንጫዋ ሥር መዓዛው ኃይለኛ የሆነ የጉንፋን ቅባት ትቀባ ነበር።

«ያውቁ ነበር» አለች። «ቅባቱ ሲሸታቸው መሀረባቸውን አንስተው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ለእኔ ብለው። ያን የመሰለ ሰው በእኔ ፊት ተሸማቀቀ። ማታ ቤቴ ስገባ አፍንጫዬን በሳሙና እፈትገዋለሁ፤ ምን ዋጋ አለው?»

«አፋቸውንስ ማን ነበር የሚያጥበው?»

«ዶክተሩ፣ ልጃቸው። በመጀመሪያው ቀን 'የወርቅ ጥርሱ ላላ ብሏል፤ አንቺ አትንኪው፣ ጥርሱን ለእኔ ተዪው' አሉኝ። እኔም አልነካሁም።»

መርማሪዋ ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። «በዘጠነኛው ሳምንት ሦስት ቀን 'አፍ' የሚለው ላይ ራይት አላደረግሽም። ለምን?»

«መዋጥ አቅቷቸው ነበራ» አለች ልጅቱ፣ ጥያቄው ራሱ ግራ ገብቷት።

ስለ ሐሙስ ጠዋት የተናገረችው አጭር ነው። ትንፋሹ ቀጥ ማለቱን ስታይ ለጥርስ ሐኪሙ ደወለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጭ ጋወኑን እንደለበሰ ደረሰ፤ ወደ ሳሎን ሄዳ ለእህቱ እንድትደውል ነገራትና በሩን ዘጋ። እህትየው ክፍል ውስጥ እያስተማረች ስለነበር ስልኩ እስኪነሳ ሦስት ጊዜ ደወለች። በሩ እስከዚያ አልተከፈተም። እሷም ልጅ ነውና ያልቅስ ብላ አላንኳኳችም።

«ሰውየው ምንም አይናገሩም ነበር?»

«አንድ ቃል ብቻ ቀርታቸው ነበር። 'አፍ'። ቀኑን ሙሉ 'አፍ፣ አፍ' ይላሉ። መድኃኒታቸውን የሚጠይቁ ይመስለኝና ገና ሰዓቱ አልደረሰም እላቸዋለሁ።»

ያቺን ቃል የሰማ ሌላም ሰው ነበረ። ከሽቦ የቀጠነ በመሆኑ የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ሽቦ» ብለው ያወጡለት የራዲዮ ድምፅ ቴክኒሻን፣ አፈ ማር ከታመመ ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትንሽ መቅረጫውን ይዞ ይመጣ ነበር። ወዳጁ ቃላት እየለመደ ድምፁን እንዲሰማ ብሎ ነው። መርማሪዋ ቤቱ ስትደርስ ተነስቶ ወንበር አቀረበላትና ገና ሳትቀመጥ ስለ አስታማሚዋ ጀመረ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ያቺ ልጅ ዝንብ አትገድልም» አለ። ከዚያ መቅረጫውን ከፈተላት።

ቀረጻው ውስጥ ሳል ነበር፤ ከሳሉ ሥር ደግሞ የፈላ ማንቆርቆሪያ የመሰለ ትንፋሽ። ከዚያ ደካማ፣ ግን አሁንም የዜና አንባቢ ቃና ያልለቀቀው ድምፅ «አፍ» አለ። የጋሽ ሽቦ ድምፅ ደግሞ ከሩቅ፣ «አዎ፣ አፈ ማር ነህ!» ብሎ ይስቃል።

«ለምንድን ነው የእርስዎ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣው?»

ጋሽ ሽቦ መቅረጫውን አጠፋና አገላበጠው። ለአርባ ዓመት ያልዋሸበት ሙያ ነበር። መቅረጫውን ከወዳጁ አፍ ሥር አስቀምጦ እሱ ራሱ ሦስት ክንድ ርቆ ይቀመጥ እንደነበር፣ ለዚያም «ድምፅ እንዳይደራረብ ነው» እያለ ምክንያት ይሰጥ እንደነበር ተናዘዘ። «እሱም ድምፅ ያውቃል፤ አልተሸወደም» አለ። «እሱ እያወቀ፣ እኔም እያወቅኩ ስንሳሳቅ ከረምን።»

መርማሪዋ የመጨረሻ ጥያቄ አቀረበች፤ የጥርስ ሐኪሙ ባለበትስ ይህን ቃል ይል ነበር ወይ? ጋሽ ሽቦ አሰበ። «አሁን ስትይኝ ነው የገረመኝ። ልጁ ሲገባ ዝም ይላል። ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል።»

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ደወለና ያገኘውን ነገራት። እሷ የፈለገችውን ሁለት ነገር ጠየቀችው፣ እሱም መለሰላት። ከዚያ በእግሯ ወደ ጥርስ ክሊኒኩ አመራች።

ክሊኒኩ ነጭ፣ ጸጥ ያለ፣ የመድኃኒት ሽታ ያለው ነው። በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ አፈ ማር በትልቅ ፎቶ ይስቃል፤ ከላይ በስተቀኝ ሦስት የተያያዙ የወርቅ ጥርሶች ያበራሉ። ፎቶው ክሊኒኩ በተመረቀ ዕለት የተነሳ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ትሑት፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

«ማን ነው የሠራላቸው?» አለች ወደ ፎቶው እያመለከተች።

«እኔ። ከስምንት ዓመት በፊት ተመርቄ እንደወጣሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አባባ ላገኘው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያሳይ ነበር። አንድ ጊዜማ በቀጥታ ስርጭት ላይ ተናግሮታል።»

መርማሪዋ ሳቀች፤ እንደ ልማዷ አፏን ሸፈነች። ሐኪሙ የሙያ ነገር ሆኖበት እጇን አየ።

«ያምዎታል?»

«ይደማል። ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

እስኪ ልየው አላት። ወንበሩ ላይ ወጣች፣ መብራቱ ተበራ፣ ትንሿ መስታወት ገባች። ለጥቂት ደቂቃ መርማሪና ተመርማሪ ቦታ ተለዋወጡ። ሐኪሙ ፊቱን አጨማደደ።

«ድድዎ አብጧል፤ ከሥሩም መግል ይዟል። እንዴት እስካሁን ዝም አሉ?»

«አፈርኩ።»

«በዚህ አይታፈርም» አለ፣ በየቀኑ ለበሽተኛ የሚደግመውን እየደገመ። «ይሄ ነገር የጥርስ ብቻ ጣጣ አይደለም። ድድ ውስጥ የሚራባው ተህዋስ በምራቅ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ይውጠዋል፤ ትን ቢለው ያስለዋል። በተለይ አልጋ ላይ የዋለ፣ መዋጥ ያቃተው ሰው ከሆነ ግን ሳያውቀው በተኛበት ወደ ሳንባው...»

ቃሉ እዚያ ላይ ተቆረጠ። መስታወቷን ከመርማሪዋ አፍ አውጥቶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። መብራቱን ራሷ አጠፋችና ከወንበሩ ወረደች። ለነገ ስምንት ሰዓት አባቱ ቤት እንዲገኝ ነገረችው።

ቅዳሜ በተባለው ሰዓት ሁለቱ ልጆች፣ አስታማሚዋና ጋሽ ሽቦ አፈ ማር በሞተበት ክፍል ተሰበሰቡ። አስታማሚዋን አንድ ፖሊስ ይዟት መጣ፤ ሳትጠየቅ በሩ አጠገብ ቆመች። ትልቋ ልጅ አላየቻትም። መርማሪዋ የጠያቂ ወንበሮቹን ከግድግዳው አንድ በአንድ ጎትታ እስከ አልጋው ጠርዝ አቀረበችና ተቀመጡ አለቻቸው። ማንም ያን ያህል ቀርቦ ለመቀመጥ የፈለገ አይመስልም ነበር።

«ከደሙ እንጀምር» አለች። «ትራሱ ላይ ያለው ደም የሐሙስ ጠዋት ግፍ ነው ተብሏል። መሳቢያው ውስጥ ግን ይህንኑ የመሰለ እድፍ ያላቸው ሃያ ሁለት መሀረቦች አሉ። ሃያ ሁለት ጊዜ አልታፈኑም። ድዳቸው ሳምንታት ሙሉ ሲደማ ነበር። የፊታቸው መጥቆርም ከትራስ አይደለም። የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ትናንት ሳንባቸውን ከፍቶ አይቷል፤ የቀኙ ታችኛው ክፍል መግል ቋጥሯል። የተገኘው ተህዋስ ከድዳቸው መግል ውስጥ የተገኘው ዓይነት ነው። የሞቱት በሳንባ ምች ነው፤ በሽታው የተነሳው ደግሞ ከገዛ አፋቸው ነው።»

ጥርስ ሐኪሙ መሬት መሬት ያይ ነበር። እህቱ ግን አልተዋጠላትም። «ወርቁስ? ምች ነው ወርቅ የሚነቅለው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሦስቱ ወርቆች ተያይዘው በሁለት የራሳቸው ጥርሶች ላይ የተጫኑ ናቸው። ሐኪሙን መጀመሪያ የጠየቅኩት እነዚያ ሁለት ጥርሶች አሉ ወይ ብዬ ነው። አሉ። እንዳሉ ሆነው እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቃሉ። ሌባ ቢጎትተው ኖሮ ሁለቱ ጥርሶችም ከወርቁ ጋር ተነቅለው ይወጡ ነበር። ያወጣው ሰው ሥሩን በጣቱ ደግፎ፣ በመሣሪያ ነው ያላቀቀው። እጁ የሠለጠነ ነው። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ በሩን ዘግቶ ከአስከሬኑ ጋር የቆየ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አዩ። ጥርስ ሐኪሙ አልካደም። ከደረት ኪሱ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር አወጣና አልጋው ላይ አስቀመጠው። ሦስት ቀን ከኪሱ አላወጣውም ነበር።

«እሷ ጣቢያ ስታድር ይሄ ኪስህ ውስጥ ነበር?» አለች እህቱ።

«ነበር።»

«አልጨረስኩም» አለች መርማሪዋ። «ቀሪው ከወርቁ ይከብዳል። ሁለተኛ የጠየቅኩት አፋቸው ለስንት ጊዜ ያህል ሳይታጠብ እንደቆየ ነው። ሳምንታት ነው አለኝ፤ ብሩሹም ከነልብሱ ተቀምጧል። ሠንጠረዡ ላይ ግን ከሦስት ቀን በቀር በየቀኑ 'አፍ' ራይት ነው። ታዲያ ራይቱ የምንድን ነው?» ወደ አስታማሚዋ ዞረች። «ልጄ፣ 'አፍ' የሚለውን ምን ብለሽ ነበር የተረዳሽው?»

«በአፍ የሚወሰድ ነዋ» አለች ልጅቱ። «መርፌ፣ ቀጥሎ አፍ። ኪኒናቸውን ሲውጡ ራይት አደርጋለሁ።»

«ለዚህ ነው መዋጥ ባቃታቸው ሦስት ቀን ባዶ የተውሽው። እርስዎስ፣ መምህርት? ቅዳሜና እሑድ ራይቱ በእርስዎ እስክሪብቶ ነው፤ ቀለሙ ቀይ ነው።»

መምህርቷ ቀዩን ራይት አየች። ለተማሪዎቿ ስንት ጊዜ ያላዩትን መልስ አትገልብጡ ብላለች። «መታጠብ ማለት እንደሆነ አውቄያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሌላው ቀን ሁሉ ራይት ስለሆነ ታጥቦ ያደረ መሰለኝ። የእኔ ቀን ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ብዬ... ዝም ብዬ አደረግኩት። አፉን ልከፍት አልደፈርኩም። 'አፍ' ሲለኝ ራበው ብዬ ሾርባ አመጣለታለሁ።»

«እኔ ደግሞ አፈ ማር እያልኩ አሞካሸዋለሁ» አለ ጋሽ ሽቦ፣ ለራሱ ያህል።

ከዚህ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ለመግለጽ አንድ ቃል ይበቃል፤ አፈሩ። ሰውየው የቀረችውን አንዲት ቃል አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲለምንባት ኖሯል። አንዷ ኪኒን ሰማች፣ አንዷ ሾርባ ሰማች፣ አንዱ ሙገሳ ሰማ። ሦስቱም ሽታውን ሸሽተው፣ ከጆሯቸው ይልቅ አፍንጫቸውን ሰሙ።

መርማሪዋ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞረች። «ሠንጠረዡን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ገላ ላይ 'ማጠብ' ብለው ጽፈዋል። አፍ ላይ ሲደርሱ 'ማጠብ' የሚለው የት ጠፋ?»

«ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው» አለ። «ጠያቂ ይገባል፣ ይወጣል። የአፈ ማር አፍ ይታጠብ ተብሎ ይጻፋል? የጥርስ ሐኪም አባት? ቃሉን ጽፌው ነበር። አይቼው አፈርኩና ሌላ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት።»

«ልጅቷንም አትንኪ አሏት።»

«ብትነካው ታየዋለቻ። እኔ የሠራሁት ነው ችግሩ። የወርቁ ጠርዝ ድዱ ውስጥ ገብቷል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ምግብ ሲጠራቀምበት፣ ሲመግል ኖሯል። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው። መነቀል ነበረበት። ሌላ ሐኪም ጋ ብልከው ማን ሠራው ይላል። እኔ ልነቅለው ብል...» የፋሻውን ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። «ትንሽ ይሻለው እያልኩ ቀጠሮ ሰጠሁት። ማታ ስመጣ ራይቱን አያለሁ፤ ከወርቁ ሌላ ያለውን ጥርስ እንኳ ያጥቡለታል ብዬ እሄዳለሁ። ሲሞት አስከሬን መርማሪው ያየዋል ብዬ ፈራሁ።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ቤት ግን ያልገባ ነገር የለም።» ከዚያ እጇን ከአፏ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። «እኔ ይህን ያገኘሁት በብልሃት እንዳይመስላችሁ። መሀረቦቹን ሳይ ነው የገባኝ። እኔም አፌን እሸፍናለሁ።»

ሕጉን ነገረቻቸው። ከአስከሬን ላይ ነገር ማንሳትና ንጹሕ ሰው ስትታሰር እያወቁ ዝም ማለት ያስጠይቃል፤ ጥርስ ሐኪሙ ሰኞ ጣቢያ ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል። ልጅቷ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ነጻ ናት፤ ይህም በጽሑፍ ለፈቃድ ሰጪው ቢሮ ይደርሳል። ለሞቱ ግን አንድ ሰው ለይታ ልትከስበት የምትችል አንቀጽ ፈልጋ አላገኘችም።

ትልቋ ልጅ ተነስታ አስታማሚዋ ፊት ቆመች። «ሌባ አልኩሽ። ነፍሰ ገዳይ አልኩሽ» አለች።

«እሱስ ያልፋል» አለች ልጅቱ። «እኔን የሚያሳፍረኝ ቅባቱ ነው።»

ጋሽ ሽቦ ከዚያ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞሮ ሲያብሰለስለው የቆየውን ጠየቀ። «ለሁላችንም 'አፍ' ይለን ነበር። አንተ ስትገባ ለምንድን ነው ዝም የሚለው? ከሁላችን ይልቅ ነገሩ የሚገባህ አንተ አልነበርክም?»

ጥርስ ሐኪሙ ወደ ባዶው አልጋ አየ። «በመጀመሪያው ሳምንት አስከፍቼ አይቼው ነበር» አለ። «ሳየው ደነገጥኩ። እሱ ደግሞ ፊቴን አየ። አባባ ሰው ማንበብ ያውቃል። ቀስ ብሎ አፉን ዘጋና በደህናው እጁ ጉንጬን ዳበሰኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ስመጣ ከፍቶት አያውቅም። እንዳላፍር ብሎ ነው።»

እህቱ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

እሑድ ጠዋት፣ ከቀብሩ በፊት፣ አስከሬኑ ባለበት የሆስፒታል ክፍል ጥርስ ሐኪሙ እጅጌውን ሰብስቦ ጎድጓዳ ሳህን በለብታ ውሃ ሞላ። ያን አዲስ ብሩሽ ከነልብሱ ይዞት መጥቶ ነበር፤ ፕላስቲኩን ቀደደው። አስታማሚዋ ልትመጣ አትገደድም ነበር፤ ግን መጣች፣ መብራት ያዘችለት። አፍንጫዋ ሥር ምንም አልቀባችም። እህቱ የአባቷን ራስ ደግፋ ያዘች፤ ጋሽ ሽቦም የአንድ እርምጃ ርቀት እንኳ ሳይተው ጎንበስ ብሎ ቆመ። ልጁ የአባቱን ከንፈር በጣቱ ገለጥ አድርጎ ከላይ በስተቀኝ ጀመረ፤ ከዚያ የራሱ ሥራ ከነበረበት ክፍት ቦታ ላይ ብዙ ቆየ። ሲጨርስ እህቱ አባቷን ጉንጩን ሳመችው።

አስታማሚዋ ቤት የቀሩ ልብሶቿን ልትወስድ ስትገባ ሠንጠረዡ አሁንም ግድግዳው ላይ ነበር። የእሑድ ረድፍ ባዶ ነው። እስክሪብቶው በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። አነሳችው፣ «አፍ» የሚለውን ዓምድ አየች፣ መልሳም ለቀቀችው። ያን ቀን ራይት ያደረገ ሰው የለም።